በግንቦት ለተነሣኸው

እሸቴ፣

ከተለያየን አምስት ወር ከመንፈቅ ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ የት እንዳለህና እንዴት እንዳለህ አውቃለሁ፣ ድንጋዩን የደረደርሁብህ እኔ ነኝ። የእኔን ጤና ከጠየቅህ ደህና ነኝ። ነሐሴ ላይ ወባ አንድ ሳምንት ጥላኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ትታኛለች። ንዴቴ ግን አልተወኝም። ጎረቤቶች ለቅሶው ሲበርድልሽ ንዴቱም ይበርዳል ብለውኝ ነበር። ለቅሶው በረደ፤ ንዴቱ የለቅሶውን ቦታ ጭምር ይዞ ተቀመጠ።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ከዳሱ ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ፊደል ስቆጥር፣ ከእርሻ ስትመለስ በአጥሩ ላይ አንገትህን አስግገህ «ጥሩዬ ልትቀስስ ነው» እያልህ ሰው ታስቅብኝ ነበር። ይኸውልህ፣ መሠረተ ትምህርቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። ፊደሌ ገና ይንጋደዳል፣ እርሳሴም ከጣቴ አጥራለች፣ ግን ማንም እጄን አልያዘኝም። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ለልጃችን ለወርቄ እንዲሆን ነበር ሐሳቤ። ለሞተ ሰው ሆነ። በዚህም ተቀይሜሃለሁ።

ቤቱን ልንገርህ። ጣራው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ። ሣሩን አጭደህ አምጥተህ፣ ልትከድነው ስትነሣ ሳይህ ደስ ብሎኝ፣ በማግሥቱ «ትተነው ለምንሄደው ቤት ምን አደከመኝ» ብለህ ሣሩን ለፍየሏ አሳለፍህላት። ፍየሏ በላችው። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ቁርበቴን እየጎተትሁ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስሸሽ ከረምሁ። ፍየሏ ግን ተመችቷታል፤ መንታ ወልዳለች፣ ሁለቱም እናታቸውን ይመስላሉ። የጋራ እርሻው ትራክተር ሐምሌ ላይ ከነማረሻው ዋልካ ውስጥ ሰምጦ እዚያው ቆሞ ከረመ። ሰሊጡ ግን ያዘ። እኔም ከሴቶቹ ጋር አጭጄ፣ ከምሬ፣ እጄ እስከ አሁን የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። አንተ ብትኖር ይህን ዓመት «ያማረ ዓመት» ትለው ነበር፤ ለአንተ ሰሊጥ ከያዘ ሁሉ ነገር ያዘ ማለት ነበር።

ወንዙ ዳር ከቀበርሁህ በኋላ ወዴት እሄዳለሁ? ውሃው ሞልቷል፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስንቅ አልቋል። እዚሁ ሰፈራ መንደር ተመለስሁ። ካድሬው ሰዉን ሰብስቦ መሐል አቁሞኝ፣ ከሰፈራ ስለ መኮብለሌ ግለ ሂስ አድርጊ አለኝ። እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም፤ እኔም በሆዴ ያለውን ሁሉ አንተን ተናገርሁህ። በኅዳር እንነሣ ብለው ደረቀብኝ፣ በግንቦት ተነሣ፣ ወንዝ ገባ፣ ሞተ አልሁ። «ራስሽን ነው እንጂ ባልሽን አይደለም» አለኝ። «የተከተልሁት እኮ ራሴ ነኝ» አልሁት። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሳቃቸውን ይሁን እንባቸውን የደበቁት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሦስት ቀን አስረው ለቀቁኝ።

ለምን እንደምናደድብህ ታውቃለህ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልነሣ፤ በሕይወት ሳለህ ነገሬን አስጨርሰኸኝ አታውቅም፣ አሁን ግን መሄጃ የለህም።

በድርቁ ዓመት ደላንታ ላይ እህል ይታደላል ተባለ። ወርቄ አራት ዓመቷ ነበር። ካልሄድሁ ብላ ቀሚሴን ያዘች። እኔ ልዘላት አልሁ። አንተ «ፀሐዩ ይጎዳታል፣ ከእናትሽ ጋር ትዋል፣ ለማታ እንመጣ የለም ወይ» አልህ። እናቴ ከደጃፍ ላይ እጇን ይዛ ቀረች። ከተማው ስንደርስ እህል የለም፤ ያለው ሰው ለሰፈራ የሚጭን መኪና ነው። ልጅ አለችኝ፣ ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት ብዬ ብጮህ፣ አንዱ ወታደር «ኋላ ትመጣለች» አለኝ። ስንት ቀን እንደተጓዝን አላውቅም፤ ሸራው ሲገለጥ መተማ ነን። ያ «ኋላ» የተባለው ይኸው አራት ዓመት አለፈው።

በዚያ ቀን ግን አልተቀየምሁህም። ልብ በል፣ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንድም ቃል አልተናገርሁህም። ማንም አባት ያንኑ ይል ነበር። የተቀየምሁህ ከዚያ በኋላ ላለው ነው።

መንገዱን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ ይህን አልክድህም። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎና ከጎጃም የሚወርዱትን ሠራተኞች አንድ በአንድ እየጠየቅህ፣ አገራችን በእግር እንዴት እንደሚገባ ጎልጉለህ አወጣህ። ሸሕዲ ላይ ኬላ አለ፣ ይለፍ ይጠይቃል። ስለዚህ በቆላው ወደ ሽንፋ መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ወደ ሻውራ ደጋውን መውጣት፣ ሐይቁን በዳር ዞሮ በደብረ ታቦር በጋይንት አድርጎ ደላንታ መግባት። የሃያ ቀን መንገድ ነው። በጭራሮ መሬት ላይ እየሳልህ አሳየኸኝ፣ እኔም በቃሌ ያዝሁት።

ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ በኅዳር ተነሡ። በኅዳር መንገዱ ደርቋል፣ ጅረቱ ግን ውሃ አልጎደለበትም። በየማሳው የማሽላ ቃርሚያ አለ። ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ወደ አገሩ የሚመለስበት ጊዜ ስለሆነ ከመንጋው መሐል ማን ማንን ይለያል? በግንቦት የተነሣን ሰው ግን መንገዱ መጀመሪያ በጥም ይቀጣዋል፣ ኋላ በጭቃ። ይህን የነገሩህ ሰዎች ሐሰት ምን ያደርግላቸዋል፣ በእግራቸው የሚያውቁት ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ያ ጽዋ መጣ። የደላንታ ሰዎች ከተሰባሰብን ወዲህ በየወሩ ሃያ አንድ ቀን የምንጠጣው የማርያም ማኅበር፣ በጥቅምት ለዓመቱ ተራ ዕጣ ሲያወጣ ግንቦት ላንተ ደረሰህ። በኅዳር ከኛ ጋር ሊነሡ የተማከሩት እነ በላይ ሰባት ናቸው። በላይም ዕጣ ደርሶት ነበር፣ የመጋቢት። ከጸሎቱ በኋላ ብድግ ብሎ «እግሬ መንገድ ላይ ነው፣ ማርያም ትወቅልኝ፣ ለሌላ ሰው አድርጉልኝ» አለ። አደረጉለት። ማንም አልገሠጸው፣ ማርያምም ያለችው ነገር የለም። አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ ነበር። ጎንህን ጎሸምሁህ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልህ። ቤት ስንገባ «ማርያምን በእጄ ይዤ አልኮበልልም» አልኸኝ።

እነ በላይ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ሄዱ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ በዓይኔ ሸኘኋቸው። ያን ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ብከተላቸው ኖሮ ዛሬ ልጄ ዘንድ ነኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ባሌን ትቼ እንዴት አልሁ። ይህን ንዴት እንኳ ሙሉውን ላንተ ልሰጥህ አልቻልሁም፤ ግማሹ የራሴ ነው።

እውነቱን ልንገርህ እሸቴ። ጽዋው ሰበብ ነበር። መሬቱም ጣመህ፣ አገርህ ድንጋይ ስትለቅም ኖረህ እዚህ ትራክተር ያረሰው ሜዳ ላይ ስትቆም ደረትህ ይሰፋ ነበር፣ አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ወርቄን ፈራሃት። «ለማታ እንመጣ የለም ወይ» ያልህ አንተ ነህና፣ ደጃፉ ላይ ስትቆም ያቺ ማታ የት አለች ትለኛለች ብለህ ፈራህ። ሰሊጥ ስታበጥር፣ ለምግብ ስትቀርብ፣ ስሟን ባነሣሁ ቁጥር ሥራ ታስታውስ ነበር። ምን አለ ብትነግረኝ? ፊት ፊትህ እሄድልህ ነበር። ትተናት እንሂድ ያልሁት እኔ ነኝ ብዬ ለልጄም ለእናቴም እዋሽልህ ነበር። አንተ ግን ከማኅበር ጽዋ ኋላ ተደበቅህ፤ እኔም ከማርያም ጋር እንዴት ልጣላ?

ታኅሣሥ ሄደ፣ ጥር ሄደ። መጋቢት ላይ ኩሬው ተሰነጣጠቀ። ሚያዝያ ላይ ነፋሱ እሳት ሆነ። «እንሂድ» ስልህ «ደርሰናል እኮ፣ አንድ ወር ምን አላት» ትለኝ ጀመር። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ደግሰን አጠጣን። ጠላው ትንሽ ጎምዝዞ ነበር፤ «የጥሩዬ ንዴት ገብቶበት ነው» ብለህ ሰዉን ሁሉ አሳቅህ፣ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ጋሼ ተገኝ፣ ሲመርቁህ እንደ ሙሽራ አቀረቀርህ። እኔ ግን ጓዳ ውስጥ ሆኜ በበሩ ክፍተት ወደ ደጋው በኩል አያለሁ። ደመናው ጠቁሮ ቆሟል።

ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ማለዳ ለእንጨት እንደሚሄድ ሰው መጥረቢያና ገመድ ይዘን ወጣን። ስድስት ወር ዘግይተን።

የመጀመሪያውን ሁለት ቀን አልረሳልህም፤ ከተናደድሁብህ ይልቅ የወደድሁህ ቀን ይበዛል፣ ከነዚያም እነዚህ ሁለቱ ይገኙበታል። ጅረት የተባለ ሁሉ አሸዋ ነበር። በእጅህ እየጫርህ፣ ክንድህ እስኪሰወር እየቆፈርህ፣ ጠጠር የበዛበት ውሃ በቅል ሞልተህ መጀመሪያ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። እሾህ ሲወጋኝ እግሬን ጭንህ ላይ አድርገህ በጥርስህ ነቀልህልኝ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ የወርቄን ስም ያነሣኸውም ያን ጊዜ ነው። «ጥርሷን ነቅላ ይሆናል» አልህ። በሆዴ ምነው ይህን ሰው በኅዳር ባገኘሁት አልሁ።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ዋልካን ያላየ ሰው ጭቃ አየሁ አይበል። እግሬን ባነሣሁ ቁጥር አገሩን ሁሉ ይዤ የምነሣ ይመስለኛል። ሙሉ ቀን ሄደን ወደ ኋላ ዞር ስንል ጠዋት ያረፍንበት ዛፍ ቁጭ ብሎ ያየናል። አንድ እግር ኮንጎ ጫማህ ጭቃ ውስጥ ቀርታብህ በሆድህ ተኝተህ ፈልገህ አወጣሃት፤ አሳቅኸኝም። በአራተኛው ቀን ወደ ማታ ከሽንፋ ደረስን።

ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ጠበቀን። እኛ የደጋ ሰዎች ወንዝ ሲሞላ ከላያችን ሲዘንብ ነው የምናውቅ። ያን ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ውሃው ግን ቀይ ሆኖ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ባለሱቁን ሼህ ኑሩን ታስታውሳቸዋለህ። ሱዳን ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከየት ወዴት ናችሁ ሳይሉ፣ ውሃና ማሽላ ገንፎ ሰጥተው የሰሊጥ መጋዘናቸውን ከፈቱልን። «ያ ዞል» አሉህ፣ አንተ ሰውዬ ማለታቸው ነው፣ «ኸሪፍ ገብቷል፣ ክረምቱ ማለቴ ነው። እዚህ ባይዘንብም ደጋው ላይ ዘንቦ ይመጣል። አራት አምስት ቀን ሲያባራ ይጎድላል። እስከዚያ እዚሁ ሁኑ፣ የሚጠይቅ ቢመጣ ሠራተኞቼ ናቸው እላለሁ።» አንድ ሰው ሳያውቀን ከዚህ በላይ ምን ይበለን?

አንድ ቀን ጠበቅህ። ሁለተኛውን ቀን ዳር ዳሩን ስትመላለስ ዋልህ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው አንድ ክንድ ያህል ጎደለ። እሻገራለሁ አልህ። ኮትህን ያዝሁ። ነገ አልሁህ። ነገ ብቻ። የመለስህልኝን ታውቀዋለህ፤ «ስድስት ወር እንሂድ እንሂድ ስትዪኝ የከረምሽ አንቺ አይደለሽም ወይ?»

ይህን አልህና፣ መሐሉን ለክቼ ተመልሼ እወስድሻለሁ ብለህ፣ ኮንጎ ጫማህን አውልቀህ «ያዢልኝ» ብለህ ሰጠኸኝ። ዱላህን ይዘህ ገባህ። ውሃው ከወገብህ ደረሰ፣ ከደረትህ ደረሰ። ግንዱ ሲመጣ እኔ አየሁት፣ አንተ ወደዚያ ማዶ ነበር የምታይ። ጮህሁ። አልሰማኸኝም። ከዚያ ውሃው ብቻ ነበር።

ኅዳርን የጠበቅህ፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን፣ የካቲትን፣ መጋቢትን፣ ሚያዝያን የጠበቅህ ሰውዬ፣ አንዲት ነገን መጠበቅ አቃተህ? ይህን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁህ ታውቃለህ? አረም ሳርም ጠይቄሃለሁ፣ ሰሊጥ ሳጭድ ጠይቄሃለሁ። የዘገየ ሰው መጣደፍ ሲጀምር የሚያደርገውን አያውቅም፤ ወይ በጊዜህ አትነሣ፣ ወይ ከዘገየህ አርፈህ አትዘገይ! ደግሞስ ለመጨረሻ ጊዜ የምትነግረኝ ቃል «ያዢልኝ» ነው ወይ? ጫማ ነው ወይ? ሌላው ሰው ለሚስቱ ስንት ነገር ብሎ ይሞታል።

በማግሥቱ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ወንዙ ከሚታጠፍበት አሸዋ ላይ አገኙህ። ቄስ በአቅራቢያ አልነበረም። ሼህ ኑሩ ከሱቃቸው ሙሉ አቡጀዲ አውርደው ራሳቸው ቀደዱት። ከፍ ካለው ዳር፣ ከሾላው ሥር ቆፈሩልህ። እኔ አባታችን ሆይን ደገምሁ፤ ሼሁ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው በራሳቸው ቋንቋ ለመኑልህ። እሸቴ፣ የደከምህላቸው የማኅበር ሰዎች አንዳቸውም አልነበሩም።

አሁን ደግሞ ያልሰማኸውን ልንገርህ። በጥቅምት ለአጨዳ ከወረዱት ሠራተኞች መሐል አራጌ የሚባል የደላንታ ልጅ አለ። እሱ ነው የነገረኝ። እነ በላይ ደርሰዋል። ሁሉም፣ ሰባቱም፣ ገና ታኅሣሥ ሳያልቅ። እናቴ አለች፣ ዓይኗ ብቻ ደክሟል። ወርቄ ስምንት ዓመቷን ይዛለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ራሷን ራሷ ትሠራለች። በላይ እናትና አባትሽ ይመጣሉ ሲላት፣ የጠየቀችው ምን መሰለህ? «አባቴ ረጅም ነው አጭር?»

ተቆጥታ አይደለም። ያቺ ማታ የት አለች ብላም አይደለም። አታውቅህም፣ እሸቴ። የፈራሃት ልጅ መልክህን እንኳ አታስታውሰውም። ይህን የሰማሁ ቀን ሰሊጥ እየከመርሁ ነበር፣ ነዶውን ጥዬ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርተህ ሞትህ።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ተገኝ ከሁለት የማኅበሩ ሰዎች ጋር መጡ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይዘውታል። ልሄድ መሆኔን ሰምተዋል። «እሸቴ ማኅበሯን አክብሮ ያለፈ ሰው ነው» አሉኝ። «ሙት ዓመቱን ሳታወጪለት ጥለሽው ብትሄጂ ነውር ነው። በእሱ ቦታ ተተኪ፣ ጽዋውን ያዢ። ግንቦት ማርያም ካንቺ ቤት ይሁን፣ ሙት ዓመቱም በሳምንቱ ነው፣ ሁሉንም አብረን እናወጣዋለን። ከዚያ በሰላም ትሄጃለሽ።»

ግንቦት ሲሉኝ ሳቄ መጣ። አልሳቅሁም። ግን ልንገርህ፣ ለሌላ ለማንም የማልነግረውን፤ ጽዋውን ወደ እኔ ዘርጋ ሲያደርጉት እጆቼ ተነሡ። እኔ ሳላዛቸው ሊቀበሉ ተነሡ። ሽማግሌ ቆሞ፣ ማርያም በነጭ ጨርቅ ተሸፍና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያን ጊዜ ገባኝ። አንተ በጥቅምት እንዴት እንደቆምህ አየሁህ። ለአንድ አፍታ አዘንሁልህ።

ከዚያ እጆቼን ወደ ኋላዬ አድርጌ አንዱን በአንዱ ያዝሁ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። «እሸቴ ግንቦትን ጠብቆ ሞቷል። እኔ ግንቦትን አልጠብቅም፣ ልጅ አለችኝ።» ከሁለቱ አንደኛው ተቆጣ፣ «የባሏን ሬሳ ረስታ ልትሄድ!» አለ። ጋሼ ተገኝ ግን የጽዋውን ጨርቅ አስተካክለው ሸፈኑ። ኋላ ጽዋውን ወደ ደረታቸው መልሰው ወጡ። በማግሥቱ አንድ አቁማዳ በሶ ከቤታቸው ላኩልኝ። በሶው ለመንገድ ነው እንጂ ለድግስ አይሆንም፤ ስለዚህ ገብቷቸዋል።

ስለዚህ ሙት ዓመትህን እዚህ አላወጣልህም። ብትቀየም ተቀየም፤ እኔም ተቀይሜ ከርሜያለሁ።

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት እነሣለሁ። እነ አራጌ ስምንት ናቸው፣ ይለፍ አላቸው፤ በእኔ በኩል ለሚጠይቅ እኅቴ ናት ይላል። ፍየሏንና ግልገሎቿን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። የማደርገው ያንተን ኮንጎ ጫማ ነው። ይሰፋኛል፣ ከፊቱ ጨርቅ ወትፌበታለሁ። ያዢልኝ ያልኸኝን ይዤልሃለሁ፤ ከአሁን በኋላ ግን እሄድበታለሁ።

በአራተኛው ቀን ሽንፋ እንደርሳለን። ሼህ ኑሩን እጃቸውን እስማለሁ። ይህን ወረቀት ከሾላው ሥር ቆሜ ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ፣ ሰው ቢሰማም ይስማ፤ ከዚያ ከድንጋዩ ሥር አደርገዋለሁ። በኅዳር ውሃው ከጉልበት አያልፍም ይላሉ። እውነት ከጉልበት ካላለፈ፣ መሐሉ ላይ ቆሜ እንደምሰድብህ ከወዲሁ እወቀው።

ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ቀን እናቴ ቤት እሆናለሁ። ንፍሮም ቢሆን ቀቅዬ ጎረቤት እጠራለሁ፣ ስምህን ቄስ ያነሣዋል፣ በየዓመቱም እስካለሁ ድረስ እንዲሁ ነው። ወርቄ ስትጠይቀኝ ረጅም ነው እላታለሁ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፣ ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ እላታለሁ። ወደ አንቺ ሲመጣ ነው የሞተው እላታለሁ፤ እውነት ነውና። በግንቦት መነሣትህን ግን አልነግራትም። እሱ ያንተና የእኔ ጠብ ነው፤ ገና አልታረቅንም።

ጥሩዬ